ሁለት ልደት

ማክሰኞ ጠዋት ግሪሴልዳ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ እናቷ ዶኛ ኩካ የእሷን ሰማያዊ ፓስፖርት በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ አገኘቻቸው። ፓስፖርቱ አልቆሸሸም። ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ማቀዝቀዣው አናት ላይ ባለ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በተተኮሰ ነጭ ናፕኪን ተጠቅልሎ ነው። ብስኩቱ ግሪሴልዳ ጥርስ ሳታወጣ ተበልቶ ያለቀ ነው፤ ቆርቆሮው ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ክዳኑ ላይ የተሳሉት ባለጋሪዎች ፊታቸው ተፍቆ ጠፍቷል። ዶኛ ኩካ «ሌባ ቢገባ ቴሌቪዥኑን ይውሰድ፣ ቆርቆሮዬን ብቻ እንዳይነካ» ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷቸዋል፤ ሌባውም ሳይሰማቸው አይቀርም። ወልውለው ሲጨርሱ ፓስፖርቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘወር አድርገው አዩት፤ ከዚያ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና መልሰው ናፕኪኑ ላይ አስቀመጡት።

«ነጩን ሸሚዝሽን ተኩሼልሻለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «የራሳቸው ሰው መሆንሽን አይተው ይወቁ።»

«እማዬ፣ ሸሚዝ አይቶ ዜጋ የሚለይ የለም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? እነሱማ የሚያዩት ጫማ ነው። ጫማሽን ጥረጊ።»

ግሪሴልዳ ጫማዋን ጠረገች። ለእናቷ የነገረቻቸው ፓስፖርቴን ላሳድስ ነው ብላ ነው። የምትሄደው ግን ልትመልሰው ነበር። ከሰዓታት በኋላ ቆንስላው ውስጥ ቀኝ እጇን አንስታ፣ ከእንግዲህ የማዶ፣ ከድንበሩ ወዲያ ያለው አገር፣ ዜጋ አይደለሁም ብላ ልትምል ቀጠሮ ይዛለች፤ ለቀጠሮው ብቻ ዓመት ጠብቃለች። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለእኔም ቢሆን የነገረችኝ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ከግሪሴልዳ ጋር አንድ ክፍል ተምረን፣ ከአንድ ብስክሌት ላይ ወድቀን ነው ያደግነው። ግማሹን የሰማሁት ከእሷ ነው፣ ግማሹን ከእናትየው። ሁለቱም ለእኔ የሚነግሩኝን እርስ በርሳቸው አይነጋገሩትም፤ ቤቱ እንደዚያ ነው።

የሜክሲኮ ድንበር ላይ ባለችው ከተማችን በቲኋና ሁለት ጊዜ መወለድ ብርቅ አይደለም። የዶኛ ኩካ ዘመን ሴቶች ቀናቸው ሲደርስ ሰፊ ካፖርት ይደርቡና፣ የመሻገሪያ ካርዳቸውን አሳይተው፣ ምጣቸውን ውጠው ኬላውን ያልፉና ማዶ፣ ሳን ዲዬጎ ይወልዳሉ። ሕፃኑ የማዶ ሰው ሆኖ ይመዘገባል። እናት ታቅፋው ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አባትየው ሁለት ምስክር አስከትሎ እዚህ መዝገብ ቤት ይሄድና፣ ልጄ እዚሁ እቤቴ በአዋላጅ እጅ ተወለደ ብሎ እንደገና ያስመዘግበዋል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ እንዳይጉላላ ብሎ። ማንም እንደ ውሸት አልቆጠረውም፤ ለልጅ ሁለት ጥንድ ጫማ እንደመግዛት ነበር። የግሪሴልዳ አባት ዶን ኤሊሴዮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መዝገብ ቤት ቀኑን ሲጠይቁት ተደናግጦ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ፤ ስለዚህ ማዶ በግንቦት የተወለደችው ልጅ እዚህ በሰኔ ተወለደች። እቤታቸው በየዓመቱ ሁለት ኬክ ይቆረስ ነበር፤ በግንቦት ትልቁ፣ በሰኔ ትንሹ። እኔ አንዴ ብቻ የተወለድኩት ስቀናባት ነው ያደግሁት።

ግሪሴልዳ ለወጥ ቤት ቁም ሳጥን ንድፍ ታወጣለች። ጣሪያው ላይ ባለችው ክፍል፣ ከውሃ ታንከሩ ጎን፣ ኮምፒውተሯን ከፍታ የሰው ወጥ ቤት ስትለካ ትውላለች። ማዶ ያሉ አናጺዎች ልኩን ይልኩላታል፤ እሷ መሳቢያውንና መደርደሪያውን ስላ ትመልስላቸዋለች። ቀጣሪ የላትም፤ ሥራ ሲመጣ ትሠራለች፣ ሳይመጣ ትጨነቃለች። እዚህ ግብሯን አጓድላ አታውቅም። ደንበኞቿ የመታወቂያ ቁጥር ሲጠይቋት ግን የማዶ ቁጥሯን ሰጠቻቸው፤ ክፍያው ቶሎ ይገባልና። በእሷ ቤት፣ በእኛም ቤት ቢሆን፣ አንዱ ልደት ለወዲህ፣ ሌላው ለወዲያ ነው፤ ሁለቱ አንድ ቀን ይተዋወቃሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። የተዋወቁት ከአንድ አናጺ ጋር ተሻርካ ትንሽ ወርክሾፕ ልትከፍት ባንክ የሄደች ዕለት ነው። የማዶ ዜጋ ነሽ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ፤ ነኝ አለች አፏን ሞልታ። የባንኳ ሠራተኛ ጽሕፈቷን አቆመችና መጀመሪያ የሒሳብ ባለሙያ ዘንድ ሂጂ አለቻት። ባራጋን የሚባለውን፣ የሁለቱንም ወገን ግብር የሚሠራውን ሰውዬ ያገኘችው እንደዚያ ነው።

«ማዶ ስንት ዓመት ኖርሽ?» አላት ባራጋን።

«አንድም ቀን። ለገና ልብስ ልገዛ ነው የምሻገረው።»

«መኖር አይጠይቅም፤ መወለድ ይበቃል። የትም ተቀምጠሽ ብትሠሪ ገቢሽን በየዓመቱ ማሳወቅ ነበረብሽ።»

«እዚህ ከፍዬበታለሁ እኮ!»

«የገቢ ግብሩን እዚህ በከፈልሽው ያቻችሉልሻል። የጡረታ መዋጮውን ግን አያቻችሉም። በግሏ የምትሠራ ሴት የራሷ ቀጣሪም የራሷ ሠራተኛም ናት፤ የሁለቱንም ድርሻ ትከፍላለች። ሁለቱ አገሮች ስለዚሁ ጉዳይ ስምምነት ፈርመው ነበር፤ ሥራ ላይ አልዋለም።»

«እና የት ነው ያለው?»

«መሳቢያ ውስጥ» አለ ባራጋን መነጽሩን እየጠረገ። «አንቺ ስለ መሳቢያ ታውቂ የለም?»

ያለፉትን ዓመታት ሁሉ አስተካክላ ከፈለች። ከዚያ ወዲያም በየዓመቱ ሁለት ግብር፣ ሁለት ባለሙያ፣ ሁለት ጡረታ ሆነ። አናጺው ሸሪኳ ባንኩ እሺ እስኪል መጠበቅ ሰልችቶት ከሌላ ሰው ጋር ከፈተ። ዶኛ ኩካ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ወንበር ሲሰፉ ቆመው የጨረሱት ጉልበታቸው ሊቀየር ቀጠሮ ተይዞለት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተራዘመ። «ቸኩዬ የት ልሄድ ነው?» ይላሉ እሳቸው፤ ግን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሻቸውን ይዘው እንደሆነ ግሪሴልዳ ትሰማለች። ኖራበት ለማታውቀው አገር ጡረታ እየገፈገፈች እናቷ ማንከሳቸው ሌት ተቀን ያንገበግባት ነበር። በመጨረሻ ቆረጠች። ለመውጣትም ግን አገር ያስፈልጋል፤ ሌላ ዜግነት እንዳላት በትክክለኛ መዝገብ ማሳየት አለባት። ስለዚህ አምና የሰኔው ልደቷ በፍርድ ቤት ተሰረዘና ከሜክሲኮ ወላጆች ማዶ የተወለደች ተብላ እንደገና ተመዘገበች። ያን ለታ ዶኛ ኩካ ዳኛ ፊት ቆመው «አዎ፣ ዋሽተናል» እንዲሉ ተጠየቁ። አሉ። በነጋታው ለእኔ «አርጅቼ ውሸታም ተባልኩ» ብለውኛል።

እናም ማክሰኞ ጠዋት ግሪሴልዳ ነጩን ሸሚዝ ለብሳ ስትወጣ ዶኛ ኩካ ቦርሳቸውን አንግበው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«አንቺ ደግሞ የት ነው?»

«አብሬሽ። ቦርሳና ስልክ አያስገቡም አላልሽም? ለዚያ ለባለ ድንኳኑ ከምትከፍይ እኔ እይዝልሻለሁ።»

«ሠላሳ ፔሶ ነው እኮ እማዬ። ጉልበትሽ…»

«ሠላሳ ፔሶ ሽንኩርት ነው፣ ቲማቲም ነው» አሉ ዶኛ ኩካና ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።

በታክሲው ውስጥ ከአንድ ኬክ ከታቀፈች ሴት ጋር ተጣበው ተቀመጡ። ሾፌሩ የእንቁላል ዋጋ አንስቶ መንግሥትን ሲራገም ዶኛ ኩካ አገዙት፤ ግሪሴልዳ በመስኮቱ በኩል ኮረብታው ላይ የተደራረቡትን ቤቶች ታያለች። እንዲቀሩላት ፈልጋ ነበር። መሐላውን ብቻዋን ምላ፣ ብቻዋን አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ እቤት ለመግባት ነበር ያሰበችው። አሁን ግን ከጎኗ ያሉት እናቷ ቅባታቸው ይሸታታል፤ ለበዓል ብቻ የሚቀቡትን ቅባት ተቀብተዋል። ልነግራት ይገባል ብላ ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሁለት ጊዜም ሾፌሩ ሌላ ነገር አነሳ።

ቆንስላው በር ላይ ሰልፉ ግድግዳውን ተከትሎ ታጥፏል። ከመንገዱ ማዶ ባለ ድንኳኖቹ ፎቶ ያነሳሉ፣ ስልክ ያስቀምጣሉ፣ በቂጣ የተጠቀለለ ቡሪቶ ይሸጣሉ፣ የተረሳ እስክሪብቶ ያከራያሉ። ዶኛ ኩካ ከሰልፉ ጎን ጥላ ያለበት የሲሚንቶ ጠርዝ አግኝተው የልጃቸውን ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አጠገባቸው አንዲት ነፍሰ ጡር ወጣት ባሏን ትጠብቃለች፤ እሷም ሰልፉ ውስጥ የገባውን ባሏን ቦርሳ ይዛለች። ቦርሳ ያዦች ቶሎ ይግባባሉ። ስንት ወርሽ ነው፣ የመጀመሪያሽ ነው፣ ወንድ ነው ሴት ተባባሉ። ከዚያ ወጣቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ካርድ እንዳላት፣ አማቷ ማዶ ተሻገሪና ውለጂ እያለቻት እንደሆነ ነገረቻቸው። ግሪሴልዳ ሰልፉ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነበር የሚለያት፤ ሁሉንም ትሰማለች። እናቷ አሁን የካፖርቱን ታሪክ ሊያወሩ ነው ብላ አሰበች። በየግንቦቱ ኬኩ ሲቆረስ የምትሰማው ነው፤ ካፖርቱ የአክስቷ የኦዲሊያ እንደነበር፣ ድልድዩ ላይ ምጥ ሲመጣ የማያውቁትን ሰው ክንድ ጨብጠው እንደያዙ። ሁልጊዜ በሳቅ ያልቃል።

«እኔም ማዶ ነው የወለድኩት» አሉ ዶኛ ኩካ። «ያቻት ልጄ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰችው። ማለፉስ ቀላል ነው። የሚከፋው ሁለተኛው ነው።»

«ሁለተኛው ምኑ?»

«ሁለተኛው መሻገር። አርባ ቀኗ ሲወጣ ክትባት ላስከትባት፣ እግረ መንገዴን ለእህቴ ላሳያት ብዬ ሄድኩ። እህቴ ኦዲሊያ እዚያው ነበር የምትኖረው፤ የሰው ቤት ታጸዳ ነበር። ኬላው ላይ ያለው ሰውዬ ሕፃኗን አየና የማን ናት አለኝ። የኔ አልኩ። የት ወለድሻት? ምን ብዬ ልዋሽ፣ ወረቀቷን ይዣለሁ። ሆስፒታሉን ማን ከፈለ? እኔ አልከፈልኩም። መቀስ አወጣ፣ ካርዴን ፊቴ ላይ ሁለት ቦታ ቆረጠው። በጣም ጨዋ ሰው ነበር፤ ልጅሽ መግባት ትችላለች፣ አንቺ አትችይም አለኝ። የአርባ ቀን ልጅ በእግሯ ትግባ ይመስል።»

ወጣቷ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ዶኛ ኩካ የቦርሳውን ማንገቻ እያጠፉ እየዘረጉ ቀጠሉ።

«እህቴ ከበሩ ወዲያ ቆማ ትታየኛለች። ጋሪ ገዝታላት ይዛ መጥታለች፣ ቀይ። እጄን አወዛወዝኩላት። ሰላም የምላት መስሏት እሷም አወዛወዘች፤ እየሳቀች። ከዚያ ዞሬ መጣሁ። እንደዚያ ነው። እሷ በየጊዜው እየመጣች ታየን ነበር፣ እስክትታመም። ከታመመች በኋላ ግን አላየኋትም። ስትቀበርም አልነበርኩም።»

«ለልጅዎ አይነግሯትም ነበር? እሷ ካደገች በኋላ ወረቀቱን ልትሠራልዎ…»

«ጉልበቴን ያመኛል አልኳት። ያኔ ጉልበቴ ደህና ነበር። አሁን ነው የእውነት የሆነው» አሉ ዶኛ ኩካና ትንሽ ሳቁ።

ግሪሴልዳ ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ከአራት ዓመት በፊት አክስቷ ኦዲሊያን ለመቅበር ብቻዋን ተሻግራ ነበር፤ እናቷ ጉልበቴን ብለው ሲቀሩ ተናዳ፣ የገዛ እህትሽን ብላ፣ ለአንድ ወር ያህል አኩርፋቸዋለች። ልጅ ሳለችም እናቷ ገናን ማዶ አለመሻገራቸው ያሳፍራት ነበር፤ «እዚያ የሚያስፈልገኝን አንዴ ወስጃለሁ» የሚሉት ቀልድ ይመስላት ነበር። አሁን እዚያ ሰልፍ ላይ ቆማ ያ ቀልድ ምን እንደነበር ገባት። ከሰልፉ ወጥታ፣ እናቷን ክንዳቸውን ይዛ፣ ተነሺ እንሂድ ልትላቸው ፈለገች። ግን ሂደው ምን ሊሆን? ፓስፖርቱ ቆርቆሮው ውስጥ ይመለሳል፤ መዋጮው ይቀጥላል፤ ጉልበቱ ይራዘማል፤ ኦዲሊያ እንደሆነች አትነሳም። ጠባቂው ስሟን ጠራ። እናቷ ከተቀመጡበት ሸሚዝሽን አስተካክይ በሚል ዓይነት ደረታቸውን ዳሰስ አደረጉላት። እሷም ሸሚዟን አስተካክላ ገባች።

ውስጥ ያነጋገራት ወጣት፣ የማዶ ሰው፣ ስፓኒሽ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ገና ጢም በቅጡ ያላበቀለ ነበር። ወረቀቱን አንድ በአንድ አየ። የት ተወለድሽ አላት። ይህን ጥያቄ ዕድሜዋን በሙሉ ኬላው ላይ በየወገኑ እየለየች ስትመልሰው ኖራለች፤ ዛሬ «ማዶ» አለች። ማዶ አይባልም እዚህ፣ የከተማውን ስም ንገሪኝ አላት፤ ነገረችው። ይህ ነገር እንደማይመለስ ታውቂያለሽ? አውቃለሁ። ያስገደደሽ ሰው አለ? መስታወቱን፣ የወጣቱን ንጹሕ ጥፍሮች፣ ከኋላው ያለውን ባንዲራ አየች። ያላስገደደኝ ማን አለ ልትለው ፈለገች፤ ባራጋን፣ ባንኩ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለው ስምምነት፣ ወለሉን ሲረግጡ የሚያቃስቱ ጉልበቶች። «የለም» አለች። ምክንያትሽን መናገር ትፈልጊያለሽ? ግዴታ አይደለም። አልፈልግም። እንግዲያው ቀኝ እጅሽን አንሺ።

አነሳች። ቃሉን እሱ አስቀደመ፣ እሷ ተከተለች። መሐል ላይ አንድ ቃል አስቷት ደገመችው። ከዚያ ወጣቱ ፓስፖርቷን ናፕኪኑ ላይ እንዳለ ወደ ራሱ ሳበና ናፕኪኑን በትህትና መለሰላት፤ የማረጋገጫው ወረቀት ከወራት በኋላ በፖስታ ይደርስሻል አላት። ይኸው ነው። ውርደት አልነበረውም፤ ጩኸት አልነበረውም፤ የሚጠላም ሰው አልነበረበትም። ግሪሴልዳ እንደነገረችኝ፣ አንድ ሰው ቢጮህባት በወደደች። ናፕኪኑን አጥፋ ኪሷ ከተተችውና ወጣች።

ዶኛ ኩካ ቦርሳውን እያቀበሏት «ጨረስሽ?» አሉ።

«ጨረስኩ። አሮጌውን አስቀሩት። አዲሱ በፖስታ ይመጣል።»

«ጥሩ» አሉ ዶኛ ኩካ። ፊቷን አዩት፣ ከዚያ ወደ መንገዱ ዞር አሉ። «ራበኝ። ዓሣ ታኮ እኔ ነኝ የምጋብዝሽ።»

ጥግ ላይ ካለው ጋሪ ቆመው በሉ። ዶኛ ኩካ ከመሐረባቸው ቋጠሮ ገንዘብ አውጥተው ከፈሉ፤ ግሪሴልዳ እኔ ልክፈል ብትል በዓይናቸው ገረመሟት። ባለ ጋሪው የምን ደስታ ነው ዶኛ፣ ልጅቷን እንዲህ አስለብሰው አላቸው። «ዛሬ ጉዳያችን አልቆልናል» አሉት። ለግሪሴልዳ ሎሚ ጨመቁላት፣ ቃሪያውን ለይተው ሰጧት፣ ሁለተኛ አዘዙላት። አልወርድ እያላት በላች። እናቷ ደስ ብሏቸው ከሆነ መዋሸቷ እስከ መቼ ነው? በየሳምንቱ ፖስተኛውን በር ላይ ሲጠብቁ ታያቸው ይሆን? ልትነግራቸው ይገባል፣ ዛሬ፣ አሁን፣ እዚህ ዓሣ እየሸተተ። ዶኛ ኩካ ግን ስለ ነፍሰ ጡሯ ወጣት ያወሩ ነበር፤ ሴት ልጅ ነው ያረገዘችው ብለው ከሆዷ ቅርጽ ገምተዋል። ስለ ካርዱ አልተነሳም። ግሪሴልዳ ሰምቼሻለሁ አላለችም፤ እናቷም ሰማሽኝ ወይ አላሉም።

ከሰዓት በኋላ ግሪሴልዳ ጣሪያው ላይ ወጥታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። አንድ አናጺ የማእዘን መሳቢያ አስቸኩሎ ጠይቋት ነበር። መስመሩን ትስላለች፣ ታጠፋዋለች፣ እንደገና ትስላለች። ከታች ውሃ ሲፈስ፣ ሳህን ሲነካካ ይሰማታል። ከዚያ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ሰማች። ዶኛ ኩካ ጉልበታቸው ከባሰበት ጀምሮ ጣሪያው ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ልብስ እንኳ የማሰጣላቸው እኔ ነኝ። አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፣ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት። ግሪሴልዳ ስትነሳ እሳቸው በሩ ላይ ደርሰው ነበር፣ ላብ በላብ ሆነው። በእጃቸው የብስኩቱ ቆርቆሮ አለ። ታጥቧል፤ ሳሙናው ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ጎን፣ ክዳኑን ከፍተው አስቀመጡት። ውስጡ ባዶ ነበር።

«ለእርሳስሽና ለማስመሪያሽ ይሆንሻል» አሉ።

ግሪሴልዳ ቆርቆሮውን አየች፣ እናቷን አየች። «እማዬ፣ አዲሱ ሲመጣ…»

«ፎቶ አልተነሳሽም።» ዶኛ ኩካ ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ክፍሏ ውስጥ ባለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ፓስፖርት የሚያሳድስ ሰው ፎቶ ይነሳል። ባለፈው ጸጉርሽን ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ፤ ጆሮዋ ይታይ ሲሉሽ ሎቲሽን ያወለቅሁልሽ እኔ ነኝ። ዛሬ ትነሳለች፣ ነገ ትነሳለች ብዬ ስጠብቅ ሰነበትኩ። አልተነሳሽም።»

«እና አውቀሽ ነው ሸሚዝ የተኮስሽልኝ?»

«ታዲያ ተጨማደሽ ልትሄጂ ነው?»

«ለምን ዝም አልሽኝ እማዬ? አትሂጂ አትዪኝም ነበር?»

«ሰጠሁሽ እኮ። የሰጡትን ሰው የት አደረስከው ይሉታል እንዴ?» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እያሹ ወለሉን ያዩ ነበር። «ደግሞ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከባራጋን ጋር በስልክ ስትነጋገሪ እሰማሻለሁ። ይቺ ጉልበት ናት ያመጣችብሽ።»

«ካርድሽን እንደቆረጡት አንድም ቀን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ብነግርሽ ዕዳ ይሆንብሽ ነበር። ልጅ በዕዳ ታድጋለች?»

ግሪሴልዳ ኪሷ ውስጥ ያለውን ናፕኪን አወጣች፤ የት እንደምታደርገው አላወቀችም። እናቷ ተቀበሏትና ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ መስመሩን ተከትለው፣ አራት አድርገው አጠፉት። ታንከሩ ውስጥ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አሉ ዶኛ ኩካ በመጨረሻ። «የሰኔውን አምና ሰረዙት። የግንቦቱን ደግሞ ዛሬ አንቺ መለስሽላቸው። እንግዲህ ልደትሽን መቼ ነው የምናከብረው?»

እየቀለዱ አልነበረም። ግሪሴልዳ ልታስረዳቸው ጀመረች፤ ዜግነት ነው የተውኩት፣ መወለድ አይሰረዝም፣ መዝገቡ እዚያው አለ፣ ቀኑ እዚያው አለ ልትል። ባራጋን እንደሚያስረዳው አድርጋ ልታስረዳ ነበር። ግን ድምፅዋ እንቢ አላት፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ይህቺ ሴት ማዶ የነበራትን ሁሉ፣ እህቷን ጭምር፣ በአንድ ቀን ከፍላ የገዛችላትን ነገር እሷ በአንድ ጠዋት መልሳ መጣች። ዶኛ ኩካ ተነስተው ጀርባዋን ዳበሱ፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ፣ ቸብ ቸብ እያደረጉ።

«ግድ የለም» አሉ። «እኔ እዚያ ነበርኩ። እኔ እያለሁ ቀኑ አይጠፋም።»

ከዚያ ናፕኪኑን ይዘው ደረጃውን ወረዱ፣ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው። ግሪሴልዳ ተነስታ ልትደግፋቸው ይገባ ነበር፤ አልቻለችም። እኔ በግድግዳው በኩል ልብስ ሳጣጥፍ እርምጃቸውን ሰምቼዋለሁ፤ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፣ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት። ዶኛ ኩካ ጣሪያ ላይ ምን ፈልገው ወጡ ብዬ ገርሞኝ ነበር።